በአለትና በሐይቅ መካከል፦ የአቶ ኦቪላ ቴሪዮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦቪላ ቴሪዮ ከአባታቸው ከአቶ ዞኤል ቴሪዮና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልፎንሲን ሚሾ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1946፣ በሜይን ግዛት በኮርሰን ሐይቅ ዳር፣ አባታቸው በገዛ እጃቸው ባቆሙት ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ተወለዱ። ጊዜው የአደን ወቅት ስለነበር አባትየው አጋዘን እየጎተቱ ወደ ቤት ሲመለሱ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ጠበቃቸው። እናትየው፣ “ከአጋዘኑና ከልጁ የቱ ነበር ይበልጥ ደስ ያለህ?” እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢጠይቁም መልስ ሳያገኙ አልፈዋል። የአራት ዓመቱ ታላቅ ወንድም አዴላርድ ደግሞ ሕፃኑን ትክ ብለው አይተው፣ “ይሄ መቼ ነው የሚሄደው?” ማለታቸው በቤተሰቡ ሲነገር የኖረ ነው።

ቤቱ የቆመበት ዳርቻ ከላይ አለት፣ ከታች ውሃ ነው። አካፋ ገና መሬቱን እንደነካ ድንጋይ ላይ ይንቃጨላል። በዚያ ዘመን ሽንት ቤቱ ከጓሮ የቆመ የሳንቃ ጎጆ ሲሆን በበረዶው ወራት ወደዚያ የሚሄድ ሰው በረዶውን እየዛቀ መንገድ መክፈት ነበረበት። ሁለቱ ወንድማማቾች የእናታቸውን መንገድ በየተራ ይጠርጉ ነበር። ተራው የማን እንደሆነ ግን በየቀኑ ይጣሉ ነበር፤ እናትየውም ጠብ ሲሰለቻቸው አካፋውን ነጥቀው ራሳቸው ይጠርጉታል።

አቶ ኦቪላ በቤታቸው ፈረንሳይኛ፣ በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምረው በ1964 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብሎ መጻፍ ወግ ነው፤ ነገር ግን አብረዋቸው የተማሩ ሰዎች እዚሁ ፊት ለፊት ስለተቀመጡ መዋሸቱ አያዋጣም። ከ1966 ጀምሮ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ጀርመን አገር አገልግለዋል። ስለ ውትድርናቸው ሲጠየቁ፣ “አገሬ ባሕር አሻግራ ሽንት ቤት አስቆፈረችኝ” ከማለት በቀር የሚጨምሩት ነገር አልነበረም።

ሲመለሱ ከወንድማቸው ጋር ተጣምረው አንድ አሮጌ ኤክስካቫተር ገዙ፤ በጭነት መኪናቸውም በር ላይ “ቴሪዮ ወንድማማቾች” ብለው ጻፉ። አዴላርድ ማሽኑን ይነዱ ነበር፤ ኦቪላ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አፈሩን ያያሉ። ሥራቸውም ሌላው ቆፋሪ አይቶ የሚሸሸውን ግቢ ይዞ የፍሳሽ ማስረጊያ መሥራት ሆነ። ጉዳዩን ለማያውቅ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እንደኛ ባለ ገጠር የማዘጋጃ ቤት ቱቦ የለም። የቤቱ ቆሻሻ ውሃ መጀመሪያ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል፣ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል፣ ውሃው ደግሞ ወደ ማስረጊያ መስክ ሄዶ በአፈሩ ውስጥ ቀስ እያለ እየተጣራ ይሰርጋል። ለዚህ ሁሉ ጥልቅ አፈርና ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። በኮርሰን ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ሰው ያለው አንድ ቁራጭ አለት፣ ከጎኑ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ፣ ከፊቱ ሐይቅ ነው።

አቶ ኦቪላ በእንዲህ ያለው ቦታ አሸዋ ከውጭ አስመጥተው ይደለድላሉ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ቱቦዎችን አቀራርበው ይዘረጋሉ፣ ለትልቅ መስክ የሚሆነውን ሥራ ሁለት መኪና በሚያቆም ቦታ ላይ ያሳርፉታል። ከገደል ጫፍ ሠርተዋል፤ በሁለት ቋጥኝ መካከል ሠርተዋል፤ አንድ ጊዜም የግቢው ባለቤት ዛፌን አላስቆርጥም ብላ ዛፉን ዙሪያውን ዞረው ሠርተዋል። በዚህ ሐይቅ ዳር ዓመቱን ሙሉ ከሚኖረው ደኻ መካከል በእሳቸው ሥራ ምክንያት ቤቱን ሳይለቅ የቀረው ብዙ ነው። ግማሾቻችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ወይ ፍንክች ይሉ ነበር። እርጥብ አፈር አይቆፍሩም። እርጥቡን አፈር የማሽኑ ባልዲ ሲነካው እንደ ግድግዳ ይለስነዋል፤ የተለሰነ መሬት ደግሞ ውሃ አያሰርግም፣ ያ መስክ ገና ሳይጀምር ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቁንጥር አፈር አንሥተው በመዳፋቸው ያሹታል። ከተፈረፈረ ይቆፈራል። እንደ ክር ከተሳበ ግን መሣሪያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ነው። በረዶ በሚቀልጥበት በኤፕሪል ስልካቸው ሲጮኽ ውሎ ሲጮኽ ያድር ነበር፤ መልሳቸው ሁልጊዜ፣ “መሬቱን አናግሬዋለሁ፣ እምቢ ብሏል” የሚል ነው። ደንበኛው ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ ቢሳደብ ለውጥ የለም።

በ1971 ወይዘሮ ብላንሽ ዱቤን አገቡ። የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ምእመኑ አብሮ በሚበላው በቅዳሜው የቦሎቄ እራት ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር አቶ ኦቪላ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ተጠሩ፤ ኮታቸውን አውልቀው አጠገባቸው ለቆመችው ልጅ፣ “ያዢልኝ” ብለው ሰጡ። ብላንሽ ኮቱን ይዘው ቆዩ። “ሌላው ወንድ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሮጥ አንድ ሰው ወደዚያ ሲሄድ አየሁ፤ በቃ” ይላሉ። እግዚአብሔር ሬናልድንና ጆዜትን ሰጣቸው። ብላንሽ ከእናታቸው ያመጡትን ዓይነ ቢጫ ቦሎቄ ዘር ከቤታቸው ጎን ባለው መደብ ላይ ዘሩ። በዚህ ሁሉ አለት መካከል እውነተኛ ጥልቅ አፈር ያለው ያ መደብ ብቻ ነበር፤ የቅዳሜው እራት ቦሎቄም ሃምሳ ዓመት ከዚያ ሲመጣ ኖሯል።

አሁን ወደማይጣፍጠው እንለፍ። ይህን የምታነብላችሁ ክሎዴት የአዴላርድ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ለአባቷ አድልታ ጻፈች የሚል ቢኖር አልተሳሳተም፣ ግን ለአጎቷም አድልታለች።

በ2003 ኤፕሪል የብላንሽ እናት ኩቤክ ውስጥ አርፈው ባልና ሚስቱ ለለቅሶ ሄዱ። ከሐይቁ ማዶ የበጋ ቤት ያላቸው አንድ ቤተሰብ ጁላይ ላይ በግቢያቸው ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና፣ ማስረጊያው ተሠርቶ ሣር እንዲለብስ አዴላርድን ያዙ። አዴላርድ ሰው ሲለምናቸው እምቢ ማለት አይችሉም፤ ይሉኝታ ይገድላቸዋል። መሬቱ እንደ ሊጥ መሆኑን እያዩ ቆፈሩ። በሠርጉ ቀን ግቢው በሰው ሞልቶ ውሃው ሲለቀቅ መሬቱ አልውጥም አለ። በመጀመሪያ የሙሽራዋ አክስት ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰጠመ፤ ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ቀጥሎ ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

አቶ ኦቪላ ወንድማቸውን መንገዱ መሐል አገኟቸው። መንደሩ በሙሉ ሰምቷል፣ ስለዚህ መደበቁ አይጠቅምም።

“ስሜን ጭቃ ውስጥ ከተትከው!”

“ስሙ የኔም ነው እኮ! ብቻህን ነው እንዴ የወረስከው?”

“እንግዲያስ ስሙን አንተ ያዘው። ሥራውን ለኔ ተውልኝ።”

በዚያ በጋ አቶ ኦቪላ ያንን መስክ ብቻቸውን አፍርሰው፣ ብቻቸውን መልሰው ሠሩ። ከዚያ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ከመኪናው በር ላይ “ወንድማማቾች” የሚለውን ደለዙት። ሁለቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ እየኖሩ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ፖስታ ሊያወጣ ሲወጣ ሌላው መጋረጃ ጀርባ ሆኖ እስኪገባ ይጠብቃል። በዚህ ቤተ ክርስቲያን አንዱ በዮሴፍ ሐውልት በኩል፣ ሌላው በማርያም በኩል ይቀመጡ ነበር። አባ ስብከታቸውን ስለ ወንድማማችነት ባደረጉ ቁጥር ሁለቱም ጣራ ጣራውን ያያሉ። ሚስቶቻቸው ብላንሽና ኢርማ ግን አልተጣሉም፤ የቦሎቄው ድስት በየሳምንቱ መንገዱን ይሻገር ነበር፣ ባሎቻቸውም የማን እጅ እንደሆነ እያወቁ ጸጥ ብለው ይበላሉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ቴሪዮዎች ደግሞ ምላጩን ውጠው ጨው አነሰው ብለው ያማርራሉ።

በ2022 የጸደይ ወራት አዴላርድ ደማቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሶ ግራ ጎናቸው ሰነፈ። በዚያው በጋ የቤታቸው አሮጌ ማስረጊያ ተደፈነና ፍሳሹ ወደ ሐይቁ ይወርድ ጀመር። የመንደሩ የፍሳሽ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ዊልማ ክሮኬት መጥተው አዩ። ሴትዮዋ ደግ ናቸው፣ ግን ሐይቁን ሁሉም ይጠጣዋል። መሬቱ በረዶ ከመያዙ በፊት አዲስ ማስረጊያ ካልተሠራ ቤቱ ሰው ሊኖርበት እንደማይችል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነገሯቸው። ግቢው ደግሞ አለት ነው፣ ሐይቅ ነው፣ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ነው። ያለው ምርጫ አዴላርድን ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ መውሰድ ብቻ መሰለ። አዴላርድ፣ “ከዚህ ቤት የምወጣው በሣጥን ነው” አሉ። የአፋቸው ግማሽ ስለማይታዘዝ ደጋግመው መናገር ነበረባቸው፤ ደጋገሙትም።

ኢርማ መንገዱን ተሻግረው ሄዱና ደጃፉ ላይ ቆመው አቶ ኦቪላን በቁልምጫ ስማቸው ጠሩ። “አፈር ስሆን፣ ቪላ፤ ስለሱ ብለህ ባይሆን ስለኔ ብለህ። ካልጋው ሆኖ ውሃውን ካላየ ይሞትብኛል።”

አቶ ኦቪላ በማግሥቱ ማለዳ የአፈር መሰርሰሪያቸውን ይዘው የወንድማቸውን ግቢ ዞሩት። አዴላርድ በመስኮት እያዩአቸው፣ እሳቸውም እየታዩ መሆኑን እያወቁ፣ ቀና ሳይሉ በሁሉም ጥግ ወጉት። በሁሉም ጥግ ድንጋይ። በዚህ ሥራ ሃምሳ ዓመት ሲኖሩ አይሆንም ብለው የተመለሱበት ግቢ ብዙ አልነበረም፤ ይህ ግን አይሆንም ነበር። ወደ ቤታቸው ተመልሰው የቦሎቄው መደብ ጫፍ ላይ ቆሙ። ብላንሽ ከኋላቸው መጡ።

“እዚህ ማስረጊያ ከተሠራ ሁለተኛ እሸት አይበላበትም” አሏቸው አቶ ኦቪላ።

“አውቃለሁ። የማን ሚስት መሰልኩህ?”

“የናትሽ ዘር ነው።”

“ዘሩን ለጆዜት ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ታብቅለው። ወንድም ግን ዘር የለውም። ሂድ ንገረው።”

ይህን ያሉት ብላንሽ፣ በዚያች ሰዓት ከባላቸው በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ያውቁ ነበር። አቶ ኦቪላ በጁላይ ወር ቆሽታቸው ላይ ነቀርሳ ተገኝቶባቸው፣ ሐኪማቸው ገናን ካለፉ ትልቅ ነገር እንደሆነ ነግሯቸዋል።

አዴላርድ ወሬውን ሲሰሙ፣ “እኔ ሞቼ ነው! የኔ ቆሻሻ በሱ ማሳ ላይ? በየሳምንቱ ሊቆጥርብኝ?” ብለው ጮኹ። ስለዚህ አቶ ኦቪላ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሊያነጋግሯቸው መንገዱን ተሻገሩ። አዴላርድ በረንዳው ላይ በጉልበታቸው ብርድ ልብስ ጥለው ተቀምጠዋል።

“ምን ፈልገህ መጣህ?”

“ሽንትህን።”

አዴላርድ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ሳቅ ቀደማቸው። በግማሽ ፊታቸው ሳቁ፤ ሌላው ግማሽ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ፣ አቶ ኦቪላም ማየት ስላልፈለጉ በረንዳው ላይ ያለውን የበሰበሰ ሳንቃ በእግራቸው እየነካኩ፣ “ይሄም መቀየር አለበት” አሉ። እርቁ ይኸው ነው። ሌላ የተባለ ነገር የለም፤ ካለም ኢርማ አልሰሙም፣ ኢርማ ካልሰሙ ደግሞ አልተባለም።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከአዴላርድ ቤት ጀርባ ታንክና ፓምፕ፣ ከፓምፑ በመንገዱ ሥር ሽቅብ የሚሄድ ቱቦ፣ ከላይ በቦሎቄው መደብ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለ ማስረጊያ። ወይዘሮ ዊልማም ወረቀቱን አፋጠኑት። ግን ኦክቶበር ሲገባ ዝናብ ያዘ። ታንኩ ተቀበረ፣ ቱቦው ተዘረጋ፣ መደቡ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ አላባራ አለ። አቶ ኦቪላ ፊታቸው እንደ ሰም ቢጫ ሆኖ፣ ሱሪያቸው በገመድ ታስሮ፣ በየማለዳው ሰማዩን እያዩ ይሳደቡ ነበር። ሬድዮው በሳምንቱ መጨረሻ ከባድ ውርጭ እንዳለ ተናገረ። ዝናቡ ለአንድ ጠዋት ጋብ ሲል ልጃቸውን ሬናልድን ማሽኑ ላይ አወጡትና፣ “ጀምር” አሉ።

ሬናልድ አባቱን አየ። “አባዬ፣ እርጥብ አይደለም እንዴ?”

“ጀምር አልኩህ።”

አዴላርድ በተሽከርካሪ ወንበራቸው መደቡ ጫፍ ላይ ነበሩ። ጎንበስ ብለው በደህናው እጃቸው ቁንጥር አፈር አነሡ፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው አሹት። ተሳበ፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ያማረ ክር ሆነ። ለሬናልድ ከፍ አድርገው አሳዩት።

“ማሽኑን አጥፋ፣ ልጄ።”

“አታጥፋ!” አሉ አቶ ኦቪላ። “ደግሞ አንተ ማነህና ነው እኔን ስለ እርጥብ አፈር የምታስተምረኝ?”

“ጭቃ ቆፍሬ የተቀጣሁ ሰው ነኛ። ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።”

“ቅዳሜ ውርጭ ነው፣ አዴላርድ። ቤቱን ይዘጉብሃል!”

“ይዝጉት። አንተን እዚህ ዕድሜህ ላይ ጭቃ አላስቆፍርህም።”

“ጊዜ የለኝም!” አሉ አቶ ኦቪላ። “ቆሽቴ ነው። እስከ ገና ነው ያሉኝ። አሁን ካልሠራሁልህ ማን ይሠራልሃል?”

ሬናልድም የሰማው ያን ጊዜ ነው። ማሽኑን አጠፋ። አዴላርድ አፈሩን ከመዳፋቸው ላይ አራገፉና፣ “እንግዲያስ ግባና እንቀመጥ። አብረን እንጠብቀዋለን” አሉ።

መደቡን በትልቅ ሸራ ሸፍነው ጠበቁ። በአዴላርድ ወጥ ቤት ሐይቁን እያዩ ካርታ ተጫወቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ስለነበረ ሲጨቃጨቁ ቤቱ ይናጋ ነበር፤ አዴላርድ ሆን ብለው ካርታ ይሰርቃሉ፣ አቶ ኦቪላ እያዩ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሲሸነፉ ያወጡታል። ቅዳሜ ውርጩ መጣ፣ ግን መሬቱን ከላይ ብቻ ነክቶት አለፈ፤ ከኋላው ከሰሜን ምዕራብ ደረቅ ነፋስ ይዞ መጣ። ነፋሱ ቀንና ሌሊት ነፈሰ። አንድ ጠዋት አዴላርድ አፈሩን አሹት፣ ተፈረፈረ። “አሁን” አሉ። አቶ ኦቪላ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው መቆም ስላልቻሉ በጉልበታቸው እየሄዱ ቱቦዎቹን በእጃቸው አስተካከሉ። ሬናልድ ሊያወጣቸው ቢሞክር በአካፋ አባረሩት። ወይዘሮ ዊልማ መጥተው አይተው ፈረሙ፤ በኢርማ ቤትም ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃው ሲለቀቅ ሁሉም በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተጨናንቀው አጨበጨቡ።

አቶ ኦቪላ ገናን አለፉ። የሐኪሙን ቃል ስለሻሩም በጣም ኮሩ። በጃንዋሪ ግን አልጋ ላይ ዋሉ፤ ብላንሽም አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጉላቸው። የዘንድሮው ጃንዋሪ በረዶ አልጣለም። አዲስ ማስረጊያ የመጀመሪያውን ዓመት ሣር ስለሌለው በረዶ ካልሸፈነው ብርዱ ሰርጎ ውሃውን ቱቦው ውስጥ ያረጋዋል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ይህን እያሰቡ ይጨነቁ ነበር፤ ግን ድካሙ በርትቶባቸው ቃላቸው እየጠፋ ስለሄደ ምን እንደሚፈልጉ ለብላንሽ መንገር አልቻሉም። ብላንሽ ውሃ ያቀርቡላቸዋል፣ ትራስ ያስተካክሉላቸዋል፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ ያሳያሉ። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ጎብኝተዋቸው የነበሩት አዴላርድ ግን ዓይናቸውን ተከትለው ወደ ውጭ አይተው ነበር።

አቶ ኦቪላ ቴሪዮ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023 ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በቤታቸው አረፉ። ያን ዕለት ሬድዮው በማግሥቱ ለብዙ ዓመታት ያልታየ ብርድ እንደሚመጣ ይናገር ነበር። ብላንሽ የባላቸውን ዓይን ከድነው ቀና ሲሉ በመስኮቱ አዴላርድን አዩ። አዴላርድ አንድ እጃቸውን በወንበራቸው መያዣ ላይ ጭነው፣ ኢርማ ከኋላ እየገፉ፣ ከወንበሩም ኋላ የሕፃናት የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በገመድ ታስሮ፣ በላዩ የደረቀ ሣር ተቆልሎበት መንገዱን እየተሻገሩ ነበር። መደቡ ላይ ሲደርሱ በአንድ እጃቸው ሣሩን እየበተኑ ያለብሱት ጀመር።

ብላንሽ በቤት ጫማቸው ወጡ። “አዴላርድ፣ ግባ እንጂ። ቪላ እኮ አረፈ።”

“አውቃለሁ፤ ሬናልድ ደወለልኝ” አሉ፤ እያለቀሱ ነበር፣ እጃቸው ግን አላቋረጠም። “እሱን በኋላ አየዋለሁ፣ የትም አይሄድም። ብርዱ ግን ነገ ይገባል። ይሄ እንዲሞትበት አልፈልግም።”

ብላንሽ በሌላው በኩል ጎንበስ አሉ። ሬናልድና ጆዜትም ወጡ፤ ጎረቤትም ያለውን ሣር በመኪና እየጫነ መጣ። መደቡ ከዳር እስከ ዳር ከተሸፈነ በኋላ ነው አዴላርድ ገብተው፣ ኮታቸው ላይ ሣር እንደተጣበቀ፣ በወንድማቸው አጠገብ የተቀመጡት። ያ ብርድ መጣ፣ ሐይቁን አሰነጠቀው፣ የስንቱን ቤት ቱቦ አፈነዳ። የአዴላርድ ቤት ውሃ ግን ሄደ።

አቶ ኦቪላ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብላንሽን፣ ልጆቻቸውን ሬናልድንና ጆዜትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ የወንድማቸውን ሚስት ወይዘሮ ኢርማን፣ የወንድማቸውን ልጅ ክሎዴትን፣ እንዲሁም ዛሬ ጠዋት በገዛ አልጋቸው ላይ ሐይቁን እያዩ የነቁትን ታላቅ ወንድማቸውን አዴላርድን በሐዘን ትተው አልፈዋል። መሬቱ በረዶ ስለያዘ ሣጥናቸው እስከ ጸደይ በመቃብር ቤቱ ይቆያል፤ የሚያርፉበትን ቀን ቤተሰቡ ያስታውቃል።

ቸሩ አምላክ፣ በጠባብ ቦታ ለሰው ሁሉ ስፍራ ያገኙትን የአቶ ኦቪላን ነፍስ በሰፊው ቤቱ ይቀበልልን፤ ለብላንሽና ለልጆቻቸው፣ ለወንድማቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።

ከጸሎቱ በኋላ ምሳ በአዴላርድና በኢርማ ቤት ተዘጋጅቷል፤ ሁላችሁም ኑ። አዴላርድ እንዲነበብ ያዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽንት ቤቱን ተጠቀሙ፣ አትፈሩ፤ የወንድሜ ሥራ ነው፣ ይችላችኋል።